ፊደል አልገባ ስላለው ልጅ

በፍርድ አደባባይ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ተከሳሹ ሳይጠየቅ ምስክሩም ሳይሰማ የሚሰጥ ፍርድ፤ ፍርድ ተብሎ አይጠራም። በየቤታችን ግን ይህ ሥርዓት ተረስቶ በየቀኑ የሚፈረድበት አንድ ተከሳሽ አለ። እርሱም እኩዮቹ ሲያነቡ ማንበብ፤ እኩዮቹ ሲቈጥሩ መቍጠር ያቃተው ልጅ ነው። አባቱ «ሰነፍ ነው» ይላል፤ መምህሩ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይላል፤ ጎረቤትም ከዚህ የከፋ ስም ያወጣለታል። ፊደሉ ለዓይኑ እንዴት እንደሚታየው፤ ቃሉም ለጆሮው እንዴት እንደሚሰማው ልጁን የጠየቀው ግን የለም። ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት የፈለግነው ነገር ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ያውቃል። ሕፃኑ ያሬድ በአክሱም ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ስላለው፤ በግርፋት ተማርሮ ሸሽቶ ሄደ። በመንገድም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወደ ላይ ሲወጣ አይቶ፤ ልቡ ጸንቶ ተመለሰ ይባላል። ይህን ታሪክ ልጆችን ለማትጋት ዘወትር እንተርከዋለን፤ ነገር ግን በውስጡ ለወላጅና ለመምህር የተቀመጠ ምክር እንዳለ አናስተውልም። ምክሩም ዱላው ያሬድን አባረረው እንጂ አላስተማረውም የሚል ነው።

የውጭ አገር ሐኪሞችም ስለዚህ ነገር መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል። በዓድዋ ድል በተገኘበት ዓመት፤ ማለት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1896፤ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ አሳተመ። ልጁ ብልህና በጨዋታ ከእኩዮቹ የማያንስ፤ አኃዝም ያለ ችግር የሚያነብ ሲሆን፤ ብዙ ዘመን ቢያስተምሩትም የተጻፈ ቃል ማንበብ አልሆነለትም ነበር። ሐኪሙም ይህን ችግር ከልጁ ጋር አብሮ የተወለደ «የቃል ዕውርነት» ብሎ ጠራው። ዛሬ ዲስሌክሲያ ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1963 ደግሞ ሳሙኤል ከርክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ማንበብንም፤ መጻፍንም፤ ሒሳብንም የሚያሰናክለውን ይህን መሰል ችግር «የመማር ችግር» በሚል ስም አጠቃሎ ለወላጆች አስረዳ። እንዲህ ያለው ልጅ አእምሮው የጎደለ አይደለም፤ የሚማርበት መንገድ የተለየ ነው እንጂ። ሌላው በአንድ ቀን የሚይዘውን እርሱ ድምፁን ከምልክቱ ጋር እያዛመደ፤ ጥቂት በጥቂት እየደጋገመ በብዙ ቀን ይይዘዋል።

እንግዲህ በቦንጋና በከፋ ምድር የሚኖር ወላጅ ልጁን ሲጠራጠር ከምን ይጀምር? አስቀድሞ ከጆሮና ከዓይን ይጀምር። ጆሮው መግል እያመጣ የቆየ ልጅ የመምህሩን ቃል በግማሽ ሰምቶ በግማሽ ያልፈዋል፤ ዓይኑ የደከመም በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አያየውም። ደግሞ በትምህርት መካከል ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ የሚቀርና ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ፤ ከሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ይዞት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ በሐኪም የሚታወቁና የሚረዱ ሲሆኑ፤ በስንፍና ስም ተሸፍነው ዓመታት ያልፋሉ።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የከፋ ልጅ ከእናቱ አፍ የሚሰማው ካፊኖኖ ነው፤ ካፊኖኖም በላቲን ፊደል ይጻፋል። አማርኛን ሲማር ደግሞ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን የግዕዝ ፊደላት ማወቅ አለበት፤ ከዚያም እንግሊዝኛ ይከተላል። ስለዚህ በአማርኛ ሲጠየቅ ዝም ያለውን ልጅ ሁሉ ችግር አለበት ማለት ስሕተት ነው። በእናቱ ቋንቋ ተረት ንገረን ብንለው አሳምሮ የሚናገር፤ የታዘዘውንም በቅደም ተከተል የሚፈጽም ከሆነ፤ ያልገባው ምናልባት ቋንቋው ብቻ ነው። በእናቱ ቋንቋም ቃል እየጠፋበት፤ ትናንት የለየውን ፊደል ዛሬ እየረሳ፤ ይህም ለብዙ ወራት ሳይሻሻል የቀጠለ እንደ ሆነ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ልጁ ከመወለዱ በፊት የሚጀምር ነው። ዝናም በሚበዛበት ደጋ አገር ውኃው አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ በዚህም የተነሣ እንቅርት ይበዛል። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካነሳት የጉዳቱ ክፉ ወገን በአንገቷ ላይ የሚታየው ሳይሆን በፅንሱ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው። በዓለም ሁሉ አስቀድሞ ሊከለከሉ ከሚችሉት የአእምሮ ዕድገት ጉዳት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። በጥንቱ ዘመን አሞሌ ጨው እስከ ከፋ ገበያ ዘልቆ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጨው የልጅ አእምሮ መጠበቂያ ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ታዟል። የቤት እመቤትም ይህን ጨው ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃ በተከደነ ዕቃ ታኑረው፤ ወጡም ሊወርድ ሲል ትጨምረው።

ይህን ሁሉ ያስተዋለ ወላጅ ቀጥሎ መዝገብ ይክፈት። አንድ ደብተር ገዝቶ፤ ልጁ በስንት ወሩ እንደ ሄደ፤ በስንት ዓመቱ አፉን እንደ ፈታ፤ በሕፃንነቱ ምን ዓይነት ሕመም እንዳገኘው፤ የትኛው ትምህርት እንደሚከብደውና የትኛው እንደሚቀለው ይጻፍ። በጎውንም አይርሳ። በንብ ቀፎ ዙሪያ፤ በቡና ለቀማ፤ ከብት በመቍጠር፤ በእጅ ሥራ የሚታየው ብልሃት ሁሉ ለልጁ ምስክር ነውና ይመዝገብ። ሐኪም ዘንድ በቀረቡ ጊዜ «አይገባውም» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ እንዲህ ያለው መዝገብ እጅግ ይረዳል።

መዝገቡን ይዞ በመጀመሪያ ወደ ልጁ መምህርና ወደ ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሂድ፤ ከዚያም ጆሮውንና ዓይኑን ለማስመርመር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በቦንጋ ወዳለው ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይውሰደው። ከዚህ የራቀ ምርመራ ያስፈለገ እንደ ሆነ ጅማ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ በዩኒቨርሲቲዋ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል መምህራንንና ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል። መንገዱ ሩቅ፤ ወጪውም ከባድ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ አንድ ክፍል ደጋግሞ በመጨረሻ ትምህርቱን ጥሎ የሚቀር ልጅ የሚያስከትለው ወጪ ከዚህ የበለጠ ነው።

የአንድ ወላጅ ትጋት እስከ ምን እንደሚደርስ ለማወቅ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሥራ መመልከት ይበቃል። እኒህ እናት ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ኦቲዝም ከመማር ችግር የተለየ ነው፤ ነገር ግን ወላጁ የሚያንኳኳው በር አንድ ነበር፤ ያም በር ተዘግቶ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ በአገራችን ፊደል ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፤ በአደባባይ ስለ ልጃቸው መናገራቸው ልጆቻቸውን ደብቀው ለኖሩ ለብዙ ወላጆች አፍ ሆኗል።

ወላጅ በር ሲያንኳኳ እንደ ለማኝ አንገቱን ሊደፋ አይገባውም፤ ሕግ ከእርሱ ጋር ነውና። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚነካ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 41ም መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ዜጎች በአቅሙ እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል። በዐዋጅ ቁጥር 676/2002 ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የዓለም ስምምነት አጽድቃለች፤ በዚያም ስምምነት ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይለይ ተጽፏል።

በመጨረሻ ቃላችን ለሹማምንትና ለታላላቅ ቤተ ሰቦች ነው። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስለ ሆነች፤ ትእዛዝ የሚሰጥባቸው ቢሮዎች በደጃችን ናቸው። ባለ ሥልጣን እንግዳ በመጣ ቍጥር ልጁን ወደ ጓዳ የሚያስገባ ከሆነ፤ ድኻው ጎረቤቱ የእርሱን ልጅ በማን ፊት ያውጣ? ባለ ሥልጣኑ ግን ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሐኪም ሲሄድ የታየ እንደ ሆነ፤ ብዙ በሮች ይከፈታሉ፤ የሠለጠነ መምህር ወደ ቦንጋ እንዲመደብም ምክንያት ይሆናል። ልጁን እንጠይቀው፤ ምስክሩንም እንስማ፤ ከዚያ በፊት ግን ማንም «ሰነፍ» ብሎ አይፍረድበት።