ትንሿ ላፕቶፕና ከሸንተረሩ ማዶ ያለው ኔትወርክ

ለሥራው ወደ ገጠር የሚዘልቅ ሰው ትንሽ ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሲም ካርድ በሚወስደው ላይ ነው። ገመድ ሳይሰካ፣ ዶንግል ሳይፈልግ፣ ስልኩን ሳይነካ ክዳኑን ከፍቶ ኢንተርኔት ውስጥ መግባትን ማን ይጠላል? ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ሞደም የተገጠመለትን ዕቃ ‹‹ለገጠር የሚሆን›› ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ለሚሠራ መምህር፣ ጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የርቀት ተማሪ ሞደሙ ከላፕቶፑ ውጭ ቢሆን ይሻለዋል፤ ለሞደሙ ሊከፍል ያሰበውንም ብር ባትሪና ማከማቻ ላይ ቢያውለው ያተርፋል። ምክንያቱ ከመሬቱ አቀማመጥ ይጀምራል።

የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አካባቢውን ቁልቁል ያያል። ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይንና ነፋስ መውጫን አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና የሚዘልቀው መንገድ የደጋውን ጀርባ ይዞ ይሄዳል። ከመንገዱ ወደ ደቡብ ሲወጣ ግን ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ፣ እስቴም ወደ ዓባይ በገደል እየተሸነሸኑ ይወርዳሉ። የሞባይል ኔትወርክ ሞገድ ደግሞ ገደል ዞሮ መውረድ ይቸግረዋል፤ በደንብ የሚደርሰው ታወሩንና ስልኩን የሚለያይ ሸንተረር በሌለበት ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ ሁለት ቤቶች አንዱ ጉብታው ላይ ሆኖ ኔትወርኩ ሲሞላለት፣ ከጀርባው ቁልቁለት ላይ ያለው ጎረቤቱ ለመደወል እንኳ ከቤቱ ወጥቶ ዳገት ይወጣል። በአንድ ቤት ውስጥም ቢሆን የመስኮቱ ደፍና ጓዳው አንድ አይደሉም። ቆርቆሮ ብረት ነውና ሞገዱን ይመልሰዋል፤ በቆርቆሮ የተከበበ ክፍል መሐል የተቀመጠ መሣሪያ የሚያገኘው ትራፊውን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስልክ ይደወላል፣ ከምልክቱ አጠገብ ግን ‹ኢ› የምትባለው የላቲን ፊደል ትታያለች፤ ያ የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ነው፣ ደብዳቤ ያለ አባሪ ይልክ እንደሆነ እንጂ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ሞደሙ ላፕቶፑ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ሰውየው ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄዶ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ ፀሐይም ይሁን ዝናብ እዚያው ነው የሚጽፈው። ሞደሙ ስልኩ ከሆነ ግን ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጥና ሆትስፖቱን ይከፍታል፣ እሱ ከውስጥ ጠረጴዛው ጋ ሆኖ ይሠራል። የዋይፋይ ሞገድ አንድ ሁለት ግድግዳ አልፎ ከአሥር ሜትር በላይ ስለሚደርስ ይህ በቂ ነው። ቁም ነገሩ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃና የሚጽፈው ሰው እንዲነጣጠሉ መፍቀድ ነው። በሜዳ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል፤ ጋይንት ውስጥ ግን በሥራ ቀንና በባከነ ቀን መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። በደንብ የተያዘ ላፕቶፕ ስድስት ሰባት ዓመት ያገለግላል፤ ኔትወርክ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ መልኩን ይቀይራል። በአገራችን ሲዲኤምኤ የሚባለው ገመድ አልባ አገልግሎት ሲመጣ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦች በዚያ የሚሠራውን ኢቪዲኦ ዶንግል ገዝተው ነበር። ከዚያ 3ጂ ሰፋ፤ በ2007 ዓ.ም. 4ጂ በአዲስ አበባ ጀመረ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም ወደ ክልል ከተሞች ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን ከፍቶ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ምርጫ መጣ። ያ ኢቪዲኦ ዶንግል ዛሬ በ4ጂ ላይ አይሠራም፤ ነገር ግን ዶንግል ስለሆነ ነቅሎ መጣል ይቻላል። በላፕቶፑ ሆድ የተገጠመ ቢሆን ጉዳዩ ሌላ ነበር። የትንንሽ ላፕቶፖች ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ኢፒሲ የሚባለውን ባለ ሰባት ኢንች ላፕቶፕ አወጣ፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ማከማቻውም 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ‹‹ኔትቡክ›› የሚባለው ዘር ከዚያ ተስፋፋ፣ ብዙም ሳይቆይ ባለ 3ጂ ሞደም ኔትቡኮች ገበያውን ሞሉት። ኤቲ ኤንድ ቲ አሜሪካ ውስጥ 3ጂውን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲዘጋ በዚያ ኔትወርክ የሚሠሩት አብሮ ገጠም ሞደሞች ሁሉ አለ ሥራ ቀሩ። እኛ ዘንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ መምጣቱ የተለመደ ነውና ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ለዚያ ገበያ የተሠራ 4ጂ ሞደም እንኳ በዋናነት የተስተካከለው ለአሜሪካ ፍሪኩዌንሲዎች ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ታወር የሚጠቀምበትን ካልያዘ ሲሙን እያነበበ ኔትወርክ ግን አያገኝም።

ገዢን የሚያታልል ሌላም ነገር አለ። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ የመሳሰሉ የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በጎናቸው ወይም ከባትሪው ሥር የሲም ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳው መኖሩ ግን ሞደሙ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ፋብሪካው ቀፎውን ለሁሉም በአንድ ቅርጽ ይሠራና ሞደሙን ተጨማሪ ለከፈለ ብቻ ይገጥማል። የሥር ክዳኑ ሲከፈት ሞደሙ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ጫፋቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች ተጋድመው ይታያሉ። ሻጩ ‹‹ሲም ይወስዳል›› ማለቱ ውሸት አይደለም፤ ሲሙ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ነው ዝምታው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ማቃለል አልፈልግም። ሆትስፖት የስልክን ባትሪ ይጨርሳል፤ ዶንግልም ይጠፋል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ለመጀመሪያው መፍትሔው ገመድ ነው፤ ኔትወርኩ ጠረጴዛው ድረስ የሚመጣ ከሆነ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔቱን በዚያው ማሳለፍ ይቻላል፣ ስልኩም በዚያው ቻርጅ ያደርጋል። ለሁለተኛው መልሱ የጠፋ ዶንግል ሌላ ይገዛል የሚል ነው፤ አብሮ ገጠም ሞደም ሲበላሽ ግን ላፕቶፑ ጭምር ባለሙያ ፍለጋ ባሕር ዳር ይወርዳል። አብሮ ገጠም ሞደም የሚገባው ሰው የለም ማለቴም አይደለም። ቀኑን በመኪና በአስፋልት ላይ የሚውል የመንገድ መሐንዲስ ወይም ከከተማ ከተማ የሚዞር ተቆጣጣሪ፣ ሞደሙን እዚሁ አገር በራሱ ሲም ሞክሮ ካየው፣ ቢገዛ አይጸጸትም።

ከኔትወርክ ይልቅ ይህን አገር የሚፈትነው መብራት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ይከታተሉ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር መብራት በሄደበት ሰዓት የነበረው ክፍለ ጊዜ አለፈ ማለት ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ስርጭቱ ወደ ሌላ ርእስ ተሻግሯል። ላፕቶፕ ሲመረጥ ያ ልምድ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ የራስ ጉልበት መያዝንና ዕውቀትን እቤት ማስቀመጥን።

ጉልበቱን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የላፕቶፕ ባትሪ መጠን በዋትሰዓት ይጻፋል፤ ባትሪው ጀርባ ላይ ወይም በመግለጫው ላይ ይገኛል። ባለ 40 ዋትሰዓት ባትሪ በሥራ ላይ 8 ዋት ለሚበላ ትንሽ ላፕቶፕ አምስት ሰዓት ይሰጣል፤ 20 ዋት ለሚበላ ትልቅ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ለጽሑፍና ለሪፖርት ፕሮሰሰሩ ቁጥብ የሆነውን መምረጥ ስስት አይደለም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ከሻጩ ቃል በላይ ማሽኑ ራሱ ይናገራል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውንና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ማስቀነስ ተገቢ ነው። ቻርጀሩም ይታይ። በዩኤስቢ ሲ ገመድ የሚሞላ ላፕቶፕ በብዙ ዓይነት ቻርጀር፣ በቂ ጉልበት ባለው ፓወር ባንክና በሶላር ሥርዓት ሊሞላ ይችላል፤ የራሱ ልዩ ክብ ሶኬት ያለው ግን ቻርጀሩ የተቃጠለ ዕለት እንደ ወገዳ ባለ ትንሽ ከተማ አምሳያውን ማግኘት ዕድል ነው።

ማከማቻውን በተመለከተ የጋይንት ከፍታ ራሱ ይፈርዳል። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነብበው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ እጅግ በጥቂቱ ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩ ከሳሳ ሰሌዳውን የመንካት አደጋ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት አምራቾች ለአብዛኛው ሃርድ ዲስክ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3,048 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ መውጫ በዚያው ደረጃ አካባቢ ናት፣ በጉና ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ደግሞ ያልፉታል። ከፍታውን ካለፈ ዕለቱን ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ኮረኮንቹ መንገድ ሲታከልበት ግን ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ያለ ጥያቄ ይመረጣል።

ማከማቻው ሰፊ ሲሆን ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው አይቆምም። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ በየገጹ 1,500 ፊደል ያለው ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ እንኳ አንድ ተኩል ሜጋባይት አይሞላም። በ256 ጊጋባይት ዲስክ የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ ፋይሉን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠ ሰው የገዛ ጽሑፉን ማየት ተስኖት ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በአንድ ፕሮጀክት ታብሌቶች ከሶላር ቻርጀር ጋር ተሰጥተው ነበር። ኢንተርኔት አልነበራቸውም፤ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይለውጥ ነበር። ውጤቱን ያወሩት ራሳቸው የፕሮጀክቱ ሰዎች ስለሆኑ በጥንቃቄ መስማት ይገባል፤ ሆኖም መሣሪያው ያለ ኔትወርክ መሥራቱን ማንም አልካደም።

‹‹ታዲያ ስልኬ አይበቃኝም?›› ለሚል፣ ለማንበብና መልእክት ለመላክ ይበቃዋል። ሃያ ገጽ ሪፖርት ወይም የተማሪዎች ውጤት ሠንጠረዥ ግን በአውራ ጣት አይሠራም። ለዚህም ሲባል የላፕቶፑን ቁልፎች ሱቁ ውስጥ አንድ አንቀጽ አማርኛ ጽፎ መሞከር ያስፈልጋል፤ ቁልፎቹ በጣም የጠበቡ ላፕቶፕ ለዓይን ቢያምርም ለጣት ቅጣት ነው። ከ11 እስከ 13 ኢንች ያለው ለቦርሳም ለጣትም ይስማማል። ያገለገለ ሲሆን ዊንዶውስ 11ን መጫን ይችል እንደሆነ መጠየቅ አይዘንጋ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ዕቃው ከተገዛ በኋላ መተዋወቁ ከማሻሻያ ይጀምር። ዊንዶውስ ሳይጠየቅ ጊጋባይት የሚያወርድ ባሕርይ አለው፤ በ*999# የተገዛ የወር ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። በኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ የስልኩን ሆትስፖት ‹‹የሚለካ ግንኙነት›› ብሎ መመዝገብ ይህን በአብዛኛው ያስቆመዋል፤ ትልልቁን ማሻሻያ ከተማ ሲገባ ዋይፋይ ላይ ማውረድ ነው። በደጋው ብርድም ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ አይደረግ፤ ይጎዳል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ላፕቶፑን ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ገዝተው ከሆነ ከተማውን ሳይለቁ የራስዎን ስልክ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ፤ ባትሪውን ሞልተው ከቻርጀሩ ይንቀሉና እስኪያልቅ ድረስ ሰዓት ይዘው ይሥሩበት፣ አማርኛም ይጻፉበት። ጉድለት ካለው ለሻጩ መመለስ የሚቻለው እዚያው ሳሉ ነው።