በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚያብጠው አፈርና ቀላል ግንባታዎች

ከቦሌ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ እንዲሁም በቡልቡላና በአራብሳ በኩል በተዘረጋው ሜዳ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ሊሾ ሲነሣና አስፋልት ሲወላገድ ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ተቋራጩ ወይም በሲሚንቶው ላይ ያርፋል። ወቀሳው መሠረት የለሽ ባይሆንም፣ በአካባቢው በስፋት የሚገኘውን፣ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለውን ጥቁር አፈር ከተጠያቂነት ያስመልጠዋል።

ይህ አፈር ባዛልት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በረጅም ዘመን ፈርሶ ያስገኘው ሸክላማ አፈር ሲሆን፣ ውኃን በንብርብሮቹ መካከል የሚያስገባው ሞንትሞሪሎናይት የተባለ ማዕድን ስለሚበዛበት በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ተኮማትሮ ይሰነጣጠቃል።

በቂ ትኩረት ያላገኘው ምክንያት የግንባታው ቅለት ነው። አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ ይገፋል፤ የፎቅ ሕንፃ ግፊቱን የሚቋቋምበት ክብደት አለው፤ መሠረቱም ብዙ ጊዜ ጥቁሩን አፈር አልፎ በድንጋዩ ላይ ያርፋል። ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት፣ የግንብ አጥርና አስፋልት ግን ይህ ክብደት የላቸውም። በዚያ ላይ እርጥበቱ እኩል አይዳረስም፤ የጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ማዕዘን ሲያብጥ ከወለሉ መካከል በታች ያለው አፈር ሳይረጥብ ይቀራል፤ ቤቱን የሚሰነጥቀው ይህ የእንቅስቃሴ ልዩነት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውን አነስተኛ ቤት በምድብ «ሀ»፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሕንፃ ደግሞ በምድብ «ሐ» አስቀምጦ ነበር። አደጋን በዋናነት በቁመት መመዘን የመደርመስን ሥጋት ለመለየት ቢረዳም፣ ለሚያብጥ አፈር በቂ መለኪያ መሆኑ ያጠራጥራል።

የተሰነጠቀ ቤት እንደተደረመሰ ሕንፃ ዜና አይሆንም፤ ባለቤቱ ግን በየበጋው ስንጥቅ ሲደፍን ይኖራል፤ አፈሩ የሰበረው የውኃ ቧንቧ ደግሞ እያፈሰሰ አፈሩን መልሶ ያሳብጠዋል። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት የታወቀ መፍትሔ ቢሆንም፣ የተሞላው ገረጋንቲ ውኃ የሚያስገባና መውጫ የሌለው ከሆነ፣ ጉድጓዱ ውኃ አቁሮ ከሥሩ የቀረውን ሸክላ ያረጥባል። ስለዚህ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የአፈር ሙሌቱና የውኃ ማፍሰሻው በአንድነት መታቀድ አለባቸው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የአፈር ምርመራ የፎቅ ሕንፃ ግዴታ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ በጥቁር አፈር ላይ የሚሠራው ቤት በቀለለ መጠን ከመሠረቱ በታች ያለውን ማወቅ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።