የሻንጋዩ ፒያኖ ተጫዋችና የአባቱ ደብዳቤዎች

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንድ ቻይናዊ ሙዚቀኛ ነው። ስሙ ፉ ጾንግ ይባላል። በቻይናውያን ልማድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ስለዚህ «ፉ» የቤተሰቡ ስም ነው፤ የራሱ ስም «ጾንግ» ነው። በ1934 ሻንጋይ በምትባል ትልቅ የወደብ ከተማ ተወለደ። እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፉ ጾንግ በፒያኖ ስሙ በዓለም የተጠራ ሰው ነበር።

ለመሆኑ ፒያኖ ምንድን ነው? ክራርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት። ፒያኖም ባለ ክር ነው፤ ግን ክሮቹ ከ200 በላይ የብረት ሽቦዎች ናቸው። በአንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ተወጥረው ይቀመጣሉ። ከፊት ለፊት 88 ቁልፎች ተደርድረዋል። 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ተጫዋቹ አንዱን ቁልፍ በጣቱ ሲጫን፣ ውስጥ ያለች ትንሽ መዶሻ ትነሣና ሽቦውን መታ አድርጋ ትመለሳለች። መዶሻዋ በተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር የተሸፈነች ስለሆነች ድምፁ አይሻክርም። ቁልፉ በቀስታ ሲነካ ድምፁ ለስለስ ይላል፤ በኃይል ሲነካ ይበረታል። አሥሩም ጣቶች ይሠራሉ። እግርም ቢሆን ሥራ አይፈታም፤ ከታች መርገጫ አለው።

ይህን ዕቃ በደንብ መጫወት የዓመታት ልፋት ነው። ፉ ጾንግ መማር የጀመረው በሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ ተጫዋቾች በአራትና በአምስት ዓመታቸው ስለሚጀምሩ፣ የእሱ ዘግይቷል ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ማሪዮ ፓቺ የሚባሉ ጣሊያናዊ መምህር ተቀበሉት። እኚህ ሰው በሻንጋይ ትልቅ የሙዚቃ ጓድ የመሩ ናቸው። ተማሪው ሲለማመድ በእጁ ጀርባ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር ይባላል። ሳንቲሙ መውደቅ የለበትም! እጅ ሳይናወጥ ጣት ብቻውን እንዲሠራ ነው።

አባትየው

አሁን ወደ አባትየው እንምጣ። ያለ እሳቸው የልጁ ታሪክ ታሪክ አይሆንም።

ፉ ሌይ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ፈረንሳይ አገር ተምረዋል። ሥራቸው የፈረንሳይ መጻሕፍትን ወደ ቻይንኛ መመለስ ነበር። ባልዛክ የተባለውን ደራሲ ብዙ መጻሕፍት ተርጉመዋል። «ዣን ክሪስቶፍ» የሚባለውን ረጅም መጽሐፍም ለቻይናውያን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። እሱም የአንድ ሙዚቀኛ የሕይወት ታሪክ ነው። የሙዚቀኛን ሕይወት ሲተረጉሙ ኖረው ቤታቸው ውስጥ ሙዚቀኛ አሳደጉ ማለት ነው።

ፉ ሌይ ቁጡ ነበሩ። ልጃቸውን ለብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ራሳቸው አስተማሩት። የጥንት የቻይና ግጥሞችንና የጠቢባንን ትምህርት እየመረጡ፣ በገዛ እጃቸው እየጻፉ አስጠኑት። ልጁ ካጠፋ ግን ምሕረት የለም። አንድ ቀን ተናደው የወረወሩት ዕቃ አፍንጫው ላይ አርፎ ጠባሳ ትቶበታል። ይህን እኛ አናመሰግንም። እሳቸውም ኋላ እንዴት እንደተጸጸቱ እንነግራችኋለን።

የሚያስቅም አለ። አባት ፎቅ ላይ ይሠራሉ፤ ልጅ ምድር ቤት ፒያኖ ይለማመዳል። ድምፁ ሳይቋረጥ ይሰማል። አባትየው ግን አንድ ነገር ጠረጠሩ። ቀስ ብለው ወረዱ። ለካስ ልጅ ሆዬ የዜማው ምልክት በተጻፈበት ወረቀት ፋንታ የጀብዱ ታሪክ መጽሐፍ ዘርግቷል! ጣቶቹ ፒያኖውን ይነካሉ፤ ዓይኖቹ ታሪኩን ያነባሉ። አባትየው ከኋላው ቆመው ጮኹበት። ልጁም ክፉኛ ደነገጠ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ኩንሚንግ ወደምትባል ሩቅ የደቡብ ምዕራብ ከተማ ሄደ። ወላጆቹ ሲመለሱ ልጁ እዚያው ለትምህርት ቀረ። ፒያኖ የሌለው የፒያኖ ተማሪ ሆነ። በ1951፣ 17 ዓመት ሲሆነው፣ ሻንጋይ ተመልሶ እንደገና ሙዚቃውን ያዘ። የመንገዱን ገንዘብ ያዋጡለት ሲጫወት የሰሙት የኩንሚንግ ሰዎች ናቸው ይባላል። አሁን ልምምዱን የሚያዝዘው አልነበረም፤ በገዛ ፈቃዱ ነው ቀኑን ሙሉ ፒያኖው ላይ የሚውለው።

የፖላንድ ገበሬዎች ጭፈራ

በ1954 መንግሥት ወደ ፖላንድ ለትምህርት መረጠው። ፖላንድ በአውሮጳ ያለች አገር ናት። ዋና ከተማዋ ዋርሶ ትባላለች።

የፖላንድ ሰዎች ከሁሉ የሚያከብሩት ሙዚቀኛ ሾፓን ነው። ሾፓን በ1810 ዋርሶ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ። በ20 ዓመቱ ከአገሩ እንደወጣ አልተመለሰም። በ1849 ፓሪስ ላይ ሞተ። ሥጋው እዚያው ተቀበረ፤ ልቡን ግን እኅቱ ወደ ዋርሶ ወሰደችው። ዛሬም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ውስጥ ይገኛል። ሾፓን ከጻፋቸው ዜማዎች መካከል ማዙርካ የሚባሉት አሉ። ማዙርካ የፖላንድ ገበሬዎች ጭፈራ ነው። ምቱ ሦስት ሦስት እያለ ይሄዳል፤ ግን አንዱን ምት ያዝ፣ ሌላውን ለቀቅ ያደርጋል። ይህ መያዝና መልቀቅ በወረቀት ላይ በሙሉ አይጻፍም። የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ ሰው ይከብደዋል።

በዋርሶ በሾፓን ስም ትልቅ የፒያኖ ውድድር ይደረጋል። በ1955 ፉ ጾንግ በ20 ዓመቱ ገብቶ ተወዳደረ። አንደኛ አንድ ፖላንዳዊ ወጣ። ሁለተኛ አንድ ሩሲያዊ። ሦስተኛ ፉ ጾንግ! እስከዚያ ድረስ ለዚህ የበቃ ቻይናዊ አልነበረም። ከሦስተኛነቱ ይልቅ ሰውን ያስገረመው ግን ሌላ ነው። ማዙርካን ከሁሉ አሳምሮ ለተጫወተ የሚሰጠውን ልዩ ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። የፖላንድን የገጠር ጭፈራ፣ በፖላንድ አገር፣ በፖላንዶች ፊት፣ ከሁሉም አብልጦ የተጫወተው የሻንጋይ ልጅ ሆነ።

ይህ እንዴት ሆነ? ፉ ጾንግ ራሱ ሲጠየቅ የአገሩን የጥንት ግጥሞች ያነሣ ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት ሊ ዩ የሚባል የቻይና ንጉሥ ነበር። መንግሥቱን በጦርነት ተነጥቆ፣ ተማርኮ ሩቅ አገር ተወሰደ። እዚያም ሆኖ ስለጠፋችው አገሩ ግጥም ጻፈ። ፉ ጾንግ ሾፓንን ከዚህ ንጉሥ ጋር ያመሳስለው ነበር። ሁለቱም አገራቸው በልባቸው ብቻ የቀረች ሰዎች ናቸው። በልጅነቱ በአባቱ ቁጣ ሥር ያጠናው ግጥም ዋርሶ ላይ ጠቀመው።

ደብዳቤዎቹ

ፉ ጾንግ በጥር 1954 በባቡር ወደ ቤጂንግ ተሸኘ። ወደ ፖላንድ የሚያልፈው ከዚያ ነው። በማግሥቱ ማታ አባትየው ብዕር አንሥተው ጻፉለት። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ደብዳቤዎች ያ ቁጡ ሰው ይቅርታ ይጠይቃሉ። በልጅነትህ በደልሁህ ይላሉ። ከአንድ ዓመት በፊት በአንድ ሙዚቃ ላይ ተከራክረው ልጁ ከቤት ወጥቶ ሄዶ ነበር። ያንንም ያነሣሉ። ፊት ለፊት ያልወጣቸው ቃል በወረቀት ወጣ።

ደብዳቤዎቹ ለ12 ዓመት ያህል ሲጻፉ ኖሩ። ስለ ሙዚቃና ስለ ግጥም ብቻ አይደለም የተጻፉት። ሰው ቤት ስትገባ ካፖርትህን ብቻ ሳይሆን የአንገት ልብስህንም አውልቅ ይላሉ። በሰው ፊት እጅህን ኪስህ ውስጥ አትክተት። በገበታ ላይ እጅህን ከጠረጴዛ ሥር አትደብቅ። ስለ ገንዘብ አያያዝም አለ። እናቲቱ ጁ ሜይፉም ይጽፉ ነበር። ልጁ ስለ ሙዚቃ የጻፈውን እየለዩ በእጃቸው ገልብጠው ያስቀምጡ ነበር።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። በ1957 በቻይና ብዙ የተማሩ ሰዎች «ቀኝ ዘመም» ተብለው መወንጀል ጀመሩ። በ1958 ፉ ሌይም ይህ ስም ተለጠፈባቸው። ስምህን ለውጠህ መጽሐፍህን አሳትም ቢባሉ እንቢ አሉ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ቢመለስ አባቱን እንዲያወግዝ፣ አባቱም እሱን እንዲያወግዙ እንደሚገደዱ ፈራ። በታኅሣሥ 1958 ከዋርሶ በአውሮፕላን ወደ ለንደን ኮበለለ።

ጥሩ አደረገ ወይስ መጥፎ? እኛ ለመፍረድ አንደፍርም። እሱ ግን ጸጸቱ እስከ መጨረሻው አለቀቀውም።

ለጥቂት ጊዜ ደብዳቤ ተቋረጠ። ኋላ ቀጠለ። ፉ ጾንግ ለንደን ውስጥ ትዳር ያዘ። ሚስቱ ዝነኛው የቫዮሊን ተጫዋች የይሁዲ ሜኑሂን ልጅ ናት። ቻይንኛ ስለማታውቅ አማትዋ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይጽፉላት ነበር። በ1964 ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው፤ ግን አንድም ቀን ዓይኑን አላዩትም።

1966

በ1966 በቻይና «የባህል አብዮት» የተባለው ተጀመረ። ቀይ ዘብ የተባሉ ወጣቶች በየቤቱ እየገቡ መጽሐፍ ያቃጥሉ፣ ሰው ያዋርዱ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ የፉ ሌይ ቤት ገቡ። ለቀናት ቀንና ሌሊት በረበሩ፤ ባልና ሚስቱን አዋረዷቸው። በመስከረም 3 ቀን ሁለቱ አብረው በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ፉ ሌይ የጻፉት የመጨረሻ ወረቀት ኑዛዜ ነበር። ለሚስታቸው ወንድም ነው የተጻፈው። በውስጡ የቻይና ገንዘብ፣ ማለትም ዩዋን፣ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ለወሩ የቤት ኪራይ 55 ዩዋን ከ29 ሣንቲም። ለአስከሬናቸው ማቃጠያ 53 ዩዋን ከ30። የቤት ሠራተኛይቱ እስክትቋቋም የምትኖርበት የ600 ዩዋን የባንክ ወረቀት። ከዚህ ዓለም ሲለዩ የሰው ዕዳ እንዳይቀርባቸው ነው።

በቻይና ከተሞች አስከሬን ተቃጥሎ ዐመዱ በዕቃ ይቀመጣል። የተወነጀለ ሰው ዐመድ ግን ይጣል ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ይህን ሰማች። ዘመዳቸው አይደለችም፤ አግኝታቸውም አታውቅም። የአባትየውን መጻሕፍት ታነብብ፣ ፒያኖም ትማር ነበር። ፊትዋን ሸፍና ሄደችና የማደጎ ልጃቸው ነኝ ብላ ዐመዱን ተቀበለች። በደህና ቦታም እንዲቀመጥ አደረገች። ሰዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም ብላ ስሟን ሳትጽፍ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ላከች። ደብዳቤው ተይዞ፣ ማን እንደጻፈው ታወቀ። ለዓመታት በጥርጣሬ ዓይን ስትታይ ኖረች። ኋላ ቤተሰቡ ሊያመሰግናት ቢፈልግ እንቢ አለች። የተቀበለችው የፉ ጾንግን ሙዚቃ ለመስማት የሚያስገባ አንድ ትኬት ብቻ ነው ይባላል።

ልጁ ለንደን ላይ ነበር። የወላጆቹ መርዶ ወዲያው አልደረሰውም።

በ1979 ቻይና የፉ ሌይን ስም አደሰች። ፉ ጾንግ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ አገሩን ረገጠ። በሻንጋይ በወላጆቹ መታሰቢያ ሥርዓት ላይ ቆመ። ከዚያም እየተመላለሰ በቤጂንግ ወጣቶችን ፒያኖ አስተማረ። በ1981 ታናሽ ወንድሙ ፉ ሚን የሰበሰባቸው የአባታቸው ደብዳቤዎች በመጽሐፍ ታተሙ። ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ለአንድ ልጅ የተጻፈው ምክር የብዙ ቻይናውያን ወላጆችና ልጆች ንባብ ሆነ።

ፉ ጾንግ ካረጀ በኋላ ጣቶቹ ያሙት ነበር። ጫፉ የተቆረጠ ጓንት አድርጎ ይጫወታል። ልምምዱን ግን አልተወም፤ ሾፓንንም ማዙርካውንም አልተወም። በታኅሣሥ 28 ቀን 2020፣ በ86 ዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ በኮሮና በሽታ ሞተ።