ዝናብን ተከትሎ የሚሰፍር ድንኳን

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሠራተኛ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ «ውኃው ደርሷል» ይላል። በእሳት የሞቀ 20 ሊትር ያህል ውኃ በባልዲ ተሸክሞ መጥቷል። ውኃውን ሸራ ከረጢት ውስጥ ይገለብጥና በገመድ ስቦ ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል። ውስጥ ያለው እንግዳ ሰንሰለቷን ሲጎትት ውኃው ይወርድለታል፤ ሳሙና ሲቀባ ደግሞ እንዳያልቅበት ይዘጋዋል። ይህ እንግዳ ለአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ዶላር የከፈለ ነው፤ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ከሆነም ከ1,000 ዶላር በላይ። በታንዛኒያ የሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ከሚሰፍሩት ተንቀሳቃሽ የሳፋሪ ካምፖች በአንዱ ነው ያለው።

ድንኳኑ ሰፊ ነው። ሁለት ሰው የሚያስተኛ እውነተኛ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ከበስተኋላ ደግሞ መጸዳጃና መታጠቢያ አለው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስለዚህ እራት ሲበላ አልጋው ውስጥ ሙቅ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ይቀመጣል። መብራቱ ከፀሐይ ኃይል ነው፤ የሚጠጣው ውኃ በመኪና ይመጣል፤ ቆሻሻው በመኪና ይወጣል። ድንኳኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ ሁለት አይበልጡም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት መሠረት የለም፤ አጥርም የለም።

የተንጣለለ ድንኳን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ የነገሥታቱ መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ የድንኳን ከተማ ነበር። ያ ሰፈር ግን የአካባቢውን እንጨትና እህል ጨርሶ ነበር የሚነሣው። የሴሬንጌቲው ሰፈር ዱካ ሳይተው እንዲነሣ በፓርኩ ደንብ ይገደዳል።

የሚነሣበትን ጊዜ የሚወስኑት ዝናብና ሣር ናቸው። በደቡብ፣ በንዱቱ ዙሪያ ያለው ሜዳ አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከሥሩ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ንብርብር ስላለ ዛፍ እንደልቡ ሥር አይሰድበትም፤ የሚበቅለው አጭር ሣር ነው። ሣሩ ግን ለምታጠባ እናት የሚያስፈልጋት ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው። ስለዚህ ዋይልድቢስት፣ በስዋሂሊ ኙምቡ የሚባለው ጢማምና ቀንዳም የሜዳ እንስሳ፣ በዝናቡ ወራት እዚህ ይከማቻል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሲገመት ቆይቷል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜዳ አህዮችና ሚዳቋዎችም አብረውት አሉ። በየካቲት አካባቢ እንስቶቹ በአንድነት ይወልዳሉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሜዳው በጥጃ ይሞላል፤ ጅብና አንበሳ የቻሉትን ያህል ቢበሉም አይዘልቁትም። አብሮ መውለድ የመንጋው ጋሻ ነው።

ዝናቡ ሲያበቃ ያ ሜዳ ይደርቃል። መንጋው በግንቦትና በሰኔ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግሩሜቲ ወንዝ ያቀናል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሰሜን ላይ አዞ የሚጠብቀውን የማራን ወንዝ እየተሻገረ ኬንያ ይገባል፣ ይመለሳል፤ በኅዳር እንደገና ወደ ደቡብ ይወርዳል። ካምፑም ይነቀልና ይከተለዋል። ዝናቡ ሲዘገይ መንጋው ይዘገያል፤ አስቀድሞ ቀን የቆረጠ እንግዳም ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። ለዚህ ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ አለመስጠቱም ልክ ነው።

ይህ መንጋ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1887 ገደማ ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ ክፉ ቀንን አመጣብን። እዚያ ግን አላበቃም። በጥቂት ዓመታት ወደ ደቡብ ወርዶ ሴሬንጌቲ ደረሰ፤ ማሳይ የሚባሉትን አርብቶ አደሮች ከብት፣ ጎሹንና ዋይልድቢስቱን አጨደ። ከዚያ በኋላ በሽታው ለአሠርት ዓመታት ከአካባቢው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሴሬንጌቲ የቀረው ዋይልድቢስት 250,000 ገደማ ብቻ ነበር። በሽታውን ለከብቱ የሚያቆይለት ዱሩ ነው የሚል እምነት ነበር፤ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የአርብቶ አደር ከብቶች ሲከተቡ በሽታው ከዱሩም ጠፋ። የዱር እንስሳቱ ሳይከተቡ መንጋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። መንጋው ሣሩን ሲያሳጥረው የሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ዛፉ አገገመ። እንግዳው ዛሬ የሚያርፍበት የግራር ጥላም የዚያ ክትባት ውለታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ስለ ሴሬንጌቲ ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ መንጋውን ያተረፈው በእረኛው ከብት ላይ ያረፈው መርፌ ነው።

የእነዚያ እረኞች ዕጣ ግን አያስደስትም። የሴሬንጌቲ ስም ራሱ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ማለት ነው ይባላል። ማሳዮች እ.ኤ.አ. በ1959 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ እንዲሄዱ ተደረገ፤ አሁን ደግሞ ከዚያም ስለ መነሣት ክርክሩ ቀጥሏል። ስሙን የሰጡት ሰዎች ከብታቸውን ሊያሰማሩበት በማይችሉት ሜዳ ላይ የእኛ አልጋ ተዘርግቷል። ይህን እያወቁ መተኛት ከባድ ነው፤ ሳያውቁ መተኛት ግን የባሰ ይመስለኛል።

ከጨለመ በኋላ እንግዳ ብቻውን አይንቀሳቀስም። አስካሪ የሚባለው ጠባቂ ባትሪ ይዞ ከድንኳን ወደ እራት፣ ከእራት ወደ ድንኳን ያደርሰዋል። ዚፑ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ጆሮ ነው። ቀን በመኪና የታለፈው ጅብ አሁን በቅርብ ይጮኻል። የሜዳ አህያ ሣር ሲነጭ ጥርሱ ይሰማል። የአንበሳ ድምፅ ኪሎ ሜትሮች አቋርጦ ስለሚመጣ ርቀቱን ለመለየት ያስቸግራል፤ ሸራው ቀጭን ነው፤ ድምፁ ደረት ድረስ ይገባል። አስጎብኚዎች እንደሚሉት አራዊቱ የተዘጋን ድንኳን እንደ አንድ ጠጣር ነገር ስለሚያዩት አይደፍሩትም። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ዚፕ አይከፈት፣ ምግብ ወደ ድንኳን አይግባ። ገንዘቡ የሚከፈለው በእኔ ግምት ለዚህ ሌሊት ነው፤ የድንጋይ ግድግዳ ያለው ሎጅ ይህን ድምፅ አያስገባም።

መሄድ ለሚያስብ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ኪሊማንጃሮ ይበራል። ከአሩሻ ደግሞ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሜዳው ላይ ያርፋሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድ ሰው ሰሜን ኮጋቴንዴ፣ በየካቲት የሚሄድ ንዱቱ ይወርዳል። አውሮፕላኖቹ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ ሻንጣው ጎማና ብረት የሌለው፣ የሚተጣጠፍ ይሁን። ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ቆላ ዝንብ ስለሚስብ ቤት ይቅር። ታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከልክላለችና እሱም ይቅር። ለማለዳው ብርድ ግን ጋቢ ይያዝ።