የስንብት ደብዳቤ የሚፈርም ክርስቲያን ኀዘኑን እንዴት ይሸከም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ኀዘን ለሁላችን ግልጽ ነው። ደብዳቤውን ስለሚፈርመው ሰው ልቡና ግን እምብዛም አንነጋገርም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ለ90 ቀናት ሲያግድ፣ በሀገራችን በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ውላቸው እንዲቋረጥ ታዘዘ። እንዲህ ያለው ውሳኔ ከሩቅ ቢመጣም፣ ለሠራተኛው የሚነገረው በሚያውቀው አለቃው አንደበት ነው።

ቦንጋን በመሰለ ከተማ ሸክሙ ይከብዳል። በከፋ ዞን የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ከቡና ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ወይም የአንድ ፕሮጀክት በጀት ሲቋረጥ ሌላ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። አሰናባቹና ተሰናባቹም አይራራቁም፤ በአንድ ዐውደ ምሕረት ይቆማሉ፤ በአንድ ዕድር ይረዳዳሉ፤ በአንድ ጽዋ ማኅበር ይሰበሰባሉ።

ኀዘንን ከበደል መለየት

ለሚሰናበት ወንድም ማዘን ድካም አይደለም። ጌታችን እንደሚያስነሣው እያወቀ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ከባድ መልእክት የጻፈው በብዙ እንባ ነበር (2ኛ ቆሮ. 2፥4)። እንግዲህ ኃላፊው ራሱን ይመርምር። ምርጫው በዝምድና፣ በዘር ወይም በቂም ከሆነ በደል ነውና ንስሓና ካሳ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ንጹሕ ከሆነ ግን የቀረው ኀዘን የፍቅር ሸክም ነው፤ እንደ ኃጢአት ዕዳ ሊቈጥረው አይገባም። ሁለቱን መለየት ሲያቅተው ወደ ንስሓ አባቱ ይሂድ። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ከበረታም ሐኪም ማማከር እምነት ማጉደል አይደለም።

እንደ ጲላጦስ እጅ አለመታጠብ

“ትእዛዙ ከላይ ነው” ማለት ለጊዜው ልብን ያቀልላል፤ ጲላጦስም እጁን ታጥቧል (ማቴ. 27፥24)። ሕሊና የሚያርፈው ግን የሚቻለውን ጽድቅ በመሥራት ነው። አስቀድሞ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ፈቃድ መስጠት፣ ከአለቆች ጥቅማ ጥቅም መቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ይታይ።

ቅነሳው ግድ ከሆነም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥርዓት አለው። አሠሪው ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ተወካዮች ጋር ይመክራል፤ ችሎታና ምርታማነት ቅድሚያ ያገኛሉ። በዚህ እኩል የሆኑ ሲኖሩ የአገልግሎት ዘመንና የጥገኞች ብዛት ይታያል። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከመደበኛው የሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት ወደ ጸባዖት የሚጮኽ ግፍ መሆኑን ቅዱስ ያዕቆብ አስተምሮናል (ያዕ. 5፥4)። ይህን ሁሉ የፈጸመ ሰው በሌሊት ሕሊናው ሲጠይቀው እውነተኛ መልስ አለው።

ፊት ለፊት መናገር፣ በኋላም አለመሸሽ

ስንብት በስልክ መልእክት ወይም በጸሐፊ እጅ አይላክ። ጸልየን፣ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርተን ምክንያቱን በአጭሩና በእውነት እንንገረው። የማይፈጸም ተስፋ አንስጠው። ቢቈጣም ቢያለቅስም እንታገሠው፤ የእኛን ኀዘን እርሱ እንዲያጽናናልን ግን አንጠብቅ።

ከዚያ በኋላ ኀፍረት ሰላምታ እንዳያስቀረን እንጠንቀቅ። የተራበውን “በደኅና ሂድ” ብሎ ብቻ መሸኘት እንደማይጠቅም ሐዋርያው ገልጿል (ያዕ. 2፥15-16)። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ሳናጉላላ እንስጠው፤ ለሌሎች ቀጣሪዎች መልካም ምስክር እንሁነው፤ ልጆቹ እንዴት እንደ ዋሉ እንጠይቅ። ቅር ያለው ካለም ከመባችን አስቀድመን ለዕርቅ እንሂድ (ማቴ. 5፥23-24)።

ለተሰናበቱት እንጀራን፣ ለሚያሰናብቱትም ርኅራኄንና ፍትሕን እግዚአብሔር ያድልልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።