«ኦሮማይን ከመደርደሪያ አንሳ» ለሚሉኝ

ዛሬ ረፋድ ላይ አንድ ኃላፊ መጥተው «ይህ ርዕሱ ብሔር ስለሚነካ ለጊዜው ይነሳ» አሉኝ። የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ እኮ ነው! እንጨት ተሸካሚ እናቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ በመስኮቱ ሥር በሚያልፉበት በዚህ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ንባብ ቤት 11 ዓመት መጽሐፍ ስመዘግብ እንደ ዛሬ ደሜ ፈልቶ አያውቅም። በቁጥር ላስረዳ።

1. ኦሮማይ ከኦሮሞ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጣሊያኖች «ኦርማይ» የሚሉት ቃል ነው፤ አስመራ ገብቶ የሰው አፍ ላይ ቀረ። ከእንግዲህማ አበቃለት፣ አለቀ ደቀቀ እንደ ማለት። ቴሌግራም ላይ ሽፋኑን ብቻ አይቶ «ማብራሪያ» የሚለጥፍ ሁሉ፣ አስመራ የኖረ አንድ ሰው አጥቶ ነው የማይጠይቀው? ሾላ ገበያ ቢወርድ እንኳ የሚነግረው አያጣም። አንድ የቀድሞ ባልደረባዬማ «የሕዝቦች ባህል» ከሚለው መደርደሪያ ወሽቆት ሁለት ዓመት ስፈልገው ኖሬያለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ መግለጥ ይህን ያህል ይከብዳል?

2. የታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው። በዓሉ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ስለነበር ካየው ቀድቷል፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ግን ገጸ ባሕርይ ነው። ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በፈረንጅ ስትቆጥሩት 1984 ነው፤ ኦርዌል ለዚያ ጨለማ ልብ ወለዱ ርዕስ ያደረገው ዓመት። ኦርዌል ይመጣል ብሎ የፈራውን የኛው ሰው ውስጡ ቁጭ ብሎ ጻፈው።

ደግሞ «ተስፋ ያስቆርጣል፣ ለልጆች አይሆንም» የሚሉ አሉ (ቁጥሩ ይቅር)። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉን ስትመልስ «ጋሼ፣ ጠላት የተባሉትም ለምን አሳዘኑኝ?» አለችኝ። ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በደርግ ዘመን፣ ወዲያ ማዶ ያለውም ሰው ያፈቅራል ብሎ መጻፍ ቀልድ መሰላችሁ?

መጽሐፍ መንከባከቡስ የማን ሥራ ሆነ? ለንባብ ቤቱ አዳራሽ ቀለም በየዓመቱ በጀት አይጠፋም። የመጠረዣ ሙጫ ግን ከኪሴ ነው የምገዛው፤ ኋላ መጥቶ ርዕስ የሚፈራው ሌላ ሰው ነው።

ቅጂውን አላነሳሁትም። በስተግራ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈው ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ኑ፤ በእስክሪብቶ አታስምሩበት።