ተኝቶ የማያርፍ ሾፌር

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2009 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ማያሚ በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ቀደም ብሎ በደረሰ አደጋ ምክንያት መኪኖች ተሰልፈው ቆመው ነበር። ከኋላ የመጣ ተሳቢ የጭነት መኪና በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ፣ ፍሬን ሳይዝ ሰልፉ ውስጥ ገባ። 10 ሰዎች ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አደጋውን መርምሮ መንስኤው የሾፌሩ ድካም ነው አለ። ለድካሙ ደግሞ ሦስት ምክንያት አስቀመጠ፦ የእንቅልፍ ማነስ፣ ሌሊት የሚጀምር የሥራ ፈረቃና መለስተኛ የእንቅልፍ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ።

ሁለቱን ምክንያቶች ማንም ይረዳቸዋል። ሦስተኛው ግን ባለቤቱ ሳያውቀው ለዓመታት አብሮት ሊኖር የሚችል ሕመም ነው።

እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ እየሸሹ የአየር መተላለፊያውን ያጠቡታል። አየሩ በጠባቡ ሲያልፍ የሚፈጥረው ንዝረት ማንኮራፋት ነው። መተላለፊያው ጨርሶ ሲዘጋ ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ደረት አየር ለመሳብ ይታገላል፣ የሚገባ ነገር ግን የለም። ትንፋሹ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ይቋረጣል። የደሙ ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ ታንቆ እንደተለቀቀ ሰው አየር ይምግና መልሶ ይተኛል። ጠዋት አንዱንም አያስታውስም።

ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከደረሰ ሕመሙ መለስተኛ፣ ከ30 ካለፈ ከባድ ይባላል። 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው ነው። እንዲህ ያደረ ሰው 8 ሰዓት ቢተኛም አንጎሉ አላረፈም። በማግስቱ መሪ ይዞ ሳለ ለጥቂት ሰከንዶች ሳይታወቀው ሊያሸልብ ይችላል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ በ4 ሰከንድ 100 ሜትር ይጓዛል። ቡናም ሆነ ጫት የድካሙን ስሜት ለጊዜው ይሸፍኑ እንደሆነ እንጂ የጎደለውን እንቅልፍ አይተኩም።

የሾፌር ሥራ ራሱ ለዚህ ሕመም ያጋልጣል፦ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋልና ባገኙበት ቦታ ያገኙትን መብላት ክብደት ይጨምራል፤ አንገት ላይ የሚጠራቀም ስብም ጉሮሮን ያጠባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከንግድ ጭነት መኪና ሾፌሮች 28 በመቶው ከመለስተኛ እስከ ከባድ አፕኒያ እንዳለባቸው አሳይቷል።

የአሜሪካ ሕግ የጭነት ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት እንዲነዳ ይፈቅዳል። ሕጉ የሚቆጥረው ሰዓቱን ነው፤ ዕረፍቱ እውነተኛ እንቅልፍ መሆኑን አያይም። አብዛኛውን ጊዜ የአፕኒያ ምስክር አጠገብ የሚተኛ ሰው ነው፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሾፌር ግን ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ያድራል። መንግሥት ስለ አፕኒያ ምርመራ ደንብ ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረውን ሥራ በ2017 ትቶታል። እኔ ይህን ትልቅ ጥፋት ነው እላለሁ።

ብዙ ሾፌር ምርመራውን የሚሸሸው መንጃ ፈቃዴን አጣለሁ ብሎ ነው። ማስረጃው ግን ሊፈራ የሚገባው ሳይታከሙ መንዳት መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አፕኒያ ተገኝቶባቸው የታዘዘላቸውን ሕክምና ጨርሶ ያልተጠቀሙ ሾፌሮች ሊከላከሉት ይችሉ የነበረ ከባድ አደጋ የማድረስ መጠናቸው ከሌሎች 5 እጥፍ ነበር። በሕክምናው የተጠቀሙት ግን ሕመሙ ከሌለባቸው ብዙም አልተለዩም። ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል፣ በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም አስተዋወቁት። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ከመኝታ በፊት አልኮል መተውም ያግዛሉ።

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ብዙ ወገኖቻችን ይነዳሉ፤ በጅቡቲ መስመርም ሌሊቱን የሚያነጉ አሉ። የሚያንኮራፋ፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሳ፣ ቀን ቀን የሚያንጎላጅ ሾፌር ካለ፣ ሚስቱ ወይም ረዳቱ ሌሊት ትንፋሹ ሲቆም የሰሙትን አይደብቁት፤ እሱም ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ምርመራው በብዙ ቦታ ቤት ውስጥ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ቀጣሪዎችም የታከመውን ሾፌር በሥራው ላይ እናቆየዋለን ብለው አስቀድመው ቢያሳውቁ የሚሸሸው ሰው ያንሳል፤ የሚተርፈው ሕይወት ይበዛል።